ዔሊም ተናግሮ ነበር

ጆ ፓተርኖን አገር ቤት ያለን ብዙዎቻችን አናውቀውም። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ግን ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ዋና አሰልጣኝ ሆኖ 46 የውድድር ዘመን ቆየ። 409 ጨዋታ አሸነፈ። በፈረንጆቹ 1982 እና 1986 ቡድኑን የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረገ። የተወደደው በዋንጫው ብቻ አልነበረም። ተጫዋቾቹ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ለዩኒቨርሲቲው ከራሱ ኪስ ሚሊዮኖች ሰጥቷል። ስታዲየሙ ደጅ ላይም የነሐስ ሐውልት ቆሞለት ነበር።

በ2001 አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ወጣት ረዳቱ ቤቱ መጣ። የቀድሞው ምክትል አሰልጣኝ ጄሪ ሳንደስኪ በቡድኑ ሻወር ቤት አንድ ልጅ ላይ ነውር ሲፈጽም ማየቱን ነገረው። ፓተርኖ ለአለቃው አሳወቀ። ወዲያው ግን አልነበረም። በኋላ ቃሉን ሲሰጥ፣ ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር የሰዎቹን እረፍት መረበሽ አልፈለግኩም ብሏል።

ይህቺን ሳነብ ልቤ ተሰበረ። ልጁ ያን ቅዳሜ እንዴት ዋለ? ማን ነው ብሎ የፈለገው እንኳ አልነበረም።

ፖሊስ አልተጠራም። ሳንደስኪ የተያዘው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ፓተርኖ በኖቬምበር 2011 በስልክ ተሰናበተ፤ በጃንዋሪ 2012 በሳንባ ካንሰር አረፈ። ሐውልቱም በዚያው ዓመት ተነሣ። እሱ ራሱ አልተከሰሰም። ለአለቃው ተናግሯል እያሉ የሚሟገቱለት ዛሬም ብዙ ናቸው።

አዎ፣ ተናግሯል። ዔሊም ተናግሮ ነበር። ስንሰብክ ካህኑ ዔሊ በእግዚአብሔር ቤት የሚበድሉትን ካህናት ልጆቹን ዝም አላቸው እንላለን። 1ኛ ሳሙኤል 2፥23ን እስቲ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ገሥጿቸዋል። በምዕራፍ 3፥13 እግዚአብሔር የከሰሰው ስላልከለከላቸው ነው። ከተግሣጹ በኋላም አፍኒንና ፊንሐስ ከክህነታቸው አልተነሡም። የመሥዋዕቱን ሥጋ የሚወስዱበት ሜንጦም ከእጃቸው አልተወሰደም።

እኛም ጋ «ለሽማግሌዎች ነግሬያለሁ» የምትባል ቃል አለች። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ በውስጥ እንጨርሰው» የምትባልም አለች። ሽምግልና ባልና ሚስትን ያስታርቃል፤ እግዚአብሔር ይባርከው። ልጅ ሲነካ ግን መሄጃው ፖሊስ ጋ ነው፣ በዚያው ቀን። ሰውዬው ንስሐ ገባ? እሰየው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ቁልፍ ግን አይመለስለትም። «እንግዲህ በጎ ለማድረግ አውቆ ለማይሠራው ኃጢአት ነው» ይላል ያዕቆብ 4፥17።

ስለ ዔሊ አንድ የምወደው ነገር አለ። በዔሊ ፊት የሚያገለግለው ብላቴና ሳሙኤል በሌሊት ከእግዚአብሔር የሰማውን መናገር ፈርቶ እስኪነጋ ተኛ። ሲነጋም የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ፤ ቃሉ ግን በሆዱ ነበር። ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ልጁን ጠራውና ምን እንደተነገረው ጠየቀው። ነገሩ በራሱ ቤት ላይ የሚወርድ ፍርድ ነበር። «አትሸሽገኝ» አለው። ሳሙኤልም ሁሉን ነገረው።