ፒኦኢ ምንድን ነው? ከፖርቱ በፊት ዋቱን ቁጠሩ

ኮርኒስ ላይ የተለጠፈ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ የሚገባበት ገመድ አንድ ብቻ ነው። አጠገቡ ሶኬት የለም፣ አዳፕተርም የለም። ዳታውም ኤሌክትሪኩም በዚያችው የኔትወርክ ኬብል ይመጣሉ። ይህ አሠራር ፓወር ኦቨር ኢተርኔት ይባላል፤ ባጭሩ ፒኦኢ። ኤሌክትሪኩን የሚልከው ደግሞ ስዊቹ ነው፤ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎች በየፖርቱ (በየመሰኪያው) የሚሰኩበትና መሣሪያዎቹን የሚያገናኘው ሳጥን።

«ታዲያ ላፕቶፔን ብሰካበት አይቃጠልም?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ከሆነ አይቃጠልም። ስዊቹ ኃይሉን ዝም ብሎ አይለቅም። መጀመሪያ ከ10 ቮልት ገደማ የማይበልጥ ትንሽ ቮልቴጅ ልኮ ወዲያ ማዶ 25 ኪሎ ኦም አካባቢ ሬዚስታንስ መኖሩን ያጣራል። ይህ የፒኦኢ መሣሪያዎች መታወቂያ ነው። ካላገኘው ዳታ ብቻ ያስተላልፋል። ካገኘው ግን መሣሪያው የየትኛው ክላስ (የኃይል ፍላጎት ደረጃ) እንደሆነ ይጠይቅና ወደ 50 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይለቃል። ገመዱ ሲነቀል ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያቋርጠዋል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ «ፓሲቭ» ከሚባለው ነው። እሱ ምንም ሳይጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት፣ በቀጥታ ይለቃል። አንዳንድ የዋይፋይ አንቴናዎች ከእንዲህ ዓይነት አዳፕተር ጋር ይሸጣሉ። ሌላ መሣሪያ አትሰኩበት።

ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ ከአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። የ2009ኙ 802.3ኤቲ ወደ 30 አደረሰው። በ2018 የጸደቀው 802.3ቢቲ ደግሞ 60 እና 90 ዋት ድረስ ይሄዳል። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ስዊቹ 30 ዋት ቢልክም መሣሪያው ጋ እንደሚደርስ የሚታሰበው 25.5 ብቻ ነው። ቀሪው እስከ 100 ሜትር በሚደርሰው ገመድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ስዊች ሲገዛ ነው። «48 ፖርት፣ ፒኦኢ» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ 48 ካሜራ ለመሰካት ይዘጋጃል። ስዊቹ ግን ለሁሉም ፖርቶች የሚያካፍለው አንድ ጠቅላላ በጀት አለው። የሲስኮን ካታሊስት 2960ኤክስ እንውሰድ። ባለ 48 ፖርቱ አንዱ ሞዴል ያለው በጀት 370 ዋት ነው። ለእያንዳንዱ 15.4 ዋት ከመደባችሁ 24ኛው ፖርት ላይ አለቀ። 30 ዋት ከሆነማ 12 ላይ ትቆማላችሁ። ያው 48 ፖርት ሆኖ 740 ዋት ያለው ሌላ ሞዴል አለ። ስለዚህ ሻጩን ስለ ፖርቱ ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ዋቱ ጠይቁት።

ደግሞ በጀቱ የሚቀነሰው ሁልጊዜ በትክክል በሚበላው ልክ አይደለም። ክላስ 3 ነኝ ያለ ካሜራ 6 ዋት ብቻ ቢጠቀምም ስዊቹ 15.4ቱን ሊይዝለት ይችላል። ምግብ ቤት ውስጥ «ተይዟል» የሚል ወረቀት እንደተቀመጠበት ጠረጴዛ ነው፤ ሰው ባይኖርበትም ሌላ አይቀመጥበትም። መሣሪያውና ስዊቹ በኤልኤልዲፒ (መሣሪያዎች ስለ ራሳቸው መረጃ የሚለዋወጡበት የኔትወርክ ቋንቋ) የሚነጋገሩ ከሆነ ግን የሚፈልገውን ዋት ራሱ ስለሚናገር ትርፉ ለሌላው ይተርፋል። ኤልኤልዲፒን አትዝጉት።

የፖርት ኮንፊገሬሽኑ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሲስኮ ላይ ዋናዎቹ ምርጫዎች ሦስት ናቸው። «አውቶ» ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል። «ስታቲክ» ምንም ባይሰካበትም ለፖርቱ ኃይል አስቀድሞ ይይዛል። «ኔቨር» ዳታ ብቻ ያሳልፋል። እኔ ብሆን ስታቲክን መጥፋት ለማይገባቸው ለጥቂቶች ብቻ አደርገዋለሁ፤ ለምሳሌ ለዋናው በር ካሜራ። ከሌላ ስዊች ጋር የሚያገናኘውን ፖርት ኔቨር ላይ አደርገዋለሁ። የተቀረው አውቶ ይሁን። ለፖርት ጣሪያ የምታስቀምጡ ከሆነ ቁጥሩ የሚጻፈው በሚሊዋት ነው፤ 15.4 ዋት ማለት 15400። መሣሪያው የሚጠይቀው ከጣሪያው ከበለጠ ስዊቹ ቀንሶ አይሰጠውም፤ ጨርሶ ይከለክለዋል።

መብራት በሚጠፋበት ቦታ የፒኦኢ ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ስዊቹን በአንድ ዩፒኤስ ብትይዙት ካሜራውም፣ በኔትወርክ ኬብል የሚሠራው ስልክም፣ ዋይፋዩም አብረው ይቆያሉ። ዩፒኤሱን ስትመርጡ ግን የስዊቹን ፍጆታ ብቻ ሳይሆን የሚያድለውንም ዋት ደምሩበት።

በመጨረሻ አንድ የተለመደ ችግር ላንሳ። ካሜራው ቀን ደህና ይሠራል፤ ሲመሽ እየጠፋ ይነሳል። ብዙዎች ካሜራው ተበላሽቷል ብለው ይቀይሩታል። ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራቱ ይበራል፤ የሚፈልገው ዋትም ይጨምራል። መጀመሪያ ስዊቹ ላይ ገብታችሁ የፖርቱን የኃይል ሁኔታና ሎጉን (የክስተት መዝገቡን) እዩ። ኃይል ተከልክሎ ከሆነ በጀቱ ወይም የፖርቱ ጣሪያ አልበቃ ይሆናል። ሁለቱም ከበቁ ገመዱን ጠርጥሩ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ርካሽ ኬብል ርቀቱ ሲጨምር ቮልቴጁን በጣም ይጥለዋል። ካሜራውን አውርዳችሁ ስዊቹ አጠገብ በአጭር የንጹህ መዳብ ኬብል ሰክታችሁ ሌንሱ ያለበትን ክፍል አጨልሙ። እዚያ ካልጠፋ ካሜራው ደህና ነው፤ መቀየር ያለበት መስመሩ ነው።