«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ»

ደሴ፣ አክስቴ ቤት፣ ማታ ማታ ቡናው ሲቀርብ ቴሌቪዥኑም ይከፈታል። ልጇ የምትወደው ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ተዘግተው ሌት ተቀን በካሜራ የሚታዩበትን ፕሮግራም ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ የተጀመረው የ«ቢግ ብራዘር» ዓይነቱን። አንዷ ተወዳዳሪ ሳህን እያጠበች «አንዳንድ ሰው በልቶ መነሳት ብቻ ነው የሚያውቀው» አለች። ልጅቷ ተረጎመችላት።

«በላተኛውስ የታለ?» አለች አክስቴ።

«ሌላ ክፍል ነው፣ እማ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትናገረው?»

ይህ ጥያቄ ነው ተረቱን እንደገና እንዳስበው ያደረገኝ። ብዙ ሰው «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል ነገርን ማድበስበስ፣ መሸፋፈን ይመስለዋል። እኔ አልስማማም። ተረቱ «ሌ» ላይ ቤት ስለሚመታ ብቻ አይደለም ብርሌን የመረጠው። ብርሌ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው፤ ጠጁን እንደ ውሃ አንዴ አይገለብጡትም፣ ቀስ እያሉ ይጎነጩታል። ደግሞም መስተዋት ነው። ጠጁ ይጥራ ይደፍርስ ከውጭ ይታያል። (ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚደግስበት አገር ነውና ጠጅ ለማይጠጣው ጌሾ ያልገባበት ብርዝ በብርሌ ይቀርብለታል።) ምሳሌም እንዲሁ ነው፤ ነገሩን አይደብቀውም፣ ሰሚው ሳይታነቅ እንዲውጠው ይመጥንለታል እንጂ።

አንድ ሰሞን የጎረቤት በግ የአክስቴን ጎመን ጨረሰችው። አክስቴ ክስም ጩኸትም አላነሳችም። ጎረቤቷ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ስኒውን እያቀበለቻት «እቴ፣ በጋችሁ እንዴት ሰባች! ጎመን ሳይስማማት አልቀረም» አለቻት። ሴትዮዋ አንዴ ፉት አለችና «አብሽሪ» አለች። በማግስቱ ባሏ አጥሩን በእሾህ ሲደፍን ዋለ።

እዚህ ያልተጠራው ስም ብቻ ነው። የሚመለከታት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ጥፋቷን የምታርምበት በርም ክፍት ነው። በፕሮግራሙ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እቅጩ የሚነገረው ለብቻ ገብተው ለካሜራ በሚያወሩበት ክፍል ነው፤ ባለቤቱ አይሰማም፣ ተመልካቹ ይሰማል። ሳሎን ሲገናኙ ደግሞ አግቦ። አግቦና ምሳሌ ሁለቱም ዘወር ብለው ይመጣሉ፤ አግቦ ግን ሰውየውን ሌላ ሰው እንዲስቅበት ይወጋዋል፣ ምሳሌ ለራሱ ለሰውየው ይነገራል። ያቺ ሳህን አጣቢ ቅሬታዋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሊሰማት ለሚገባው ሰው አልነገረችውም።

ሁሉም ነገር በብርሌ አይቀዳም። ድንበር የገፋ፣ ሰው የበደለ ሲመጣ አክስቴም አፍርጣ ነው የምትናገረው።

የዚያን ማታ በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ አክስቴ ወደ ረከቦቱ እያየች «ስኒዎቹ ዛሬም እዚሁ ሊያድሩ ነው መሰል» አለች። ልጅቷ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ስኒዎቹን ሰበሰበች።