የሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች የምልክት ፕሮቲን ምንድን ነው? በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይበላሽ እንዴት ይሠራል?

እንቁላል ሲቀቀል ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ እንዳለ ነጩ መርጋት ይጀምራል። ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸው ተፈትቶ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቢቀዘቅዙም አይመለሱም። ቴርሞቶጋ ማሪቲማ ለምትባለው ባክቴሪያ ግን የሚመቻት 80 ዲግሪ ነው፤ እስከ 90 ድረስም ትባዛለች። ካርል ሽቴተርና ባልደረቦቹ ጣሊያን ውስጥ በቩልካኖ ደሴት ከምድር ውስጥ በሚመጣ ሙቀት ከጋለ የባሕር ወለል አግኝተዋት እ.ኤ.አ. በ1986 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቋት።

ይህች ባክቴሪያ በጭራዋ ትዋኛለች፤ የምትዋኝበትን አቅጣጫ ለመምረጥም ከውጭ ያለውን ነገር ማወቅ አለባት። የምልክት ፕሮቲኖች ሥራ ይኸው ነው። ኪኤ የሚባለው ፕሮቲን በሴሉ ቆዳ ላይ ካለው ተቀባይ መልእክት ሲደርሰው ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ ኃይል አቀባይ ሞለኪውል ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ሂስቲዲን በሚባለው አሚኖ አሲዱ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ጡቦች አንዱ) ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ኪዋይ ለሚባለው ትንሽ ፕሮቲን ያቀብለዋል። ኪዋይ ፎስፌቱን አስፓርቴት በሚባለው አሚኖ አሲዱ ላይ ሲይዝ ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጥና ሄዶ ከጭራው ሞተር ጋር ይገናኛል። ፎስፌቱ ሲወርድ መልእክቱ አበቃ ማለት ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኪዋይ በሁለት ቅርጾች መካከል መመላለስ አለበት። በጣም ከላላ በሙቀቱ ይፈታል፤ በጣም ከጠነከረ ደግሞ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው መዞር ያቅተዋል። «ሙቀት የሚችል ፕሮቲን ጠንካራ ፕሮቲን ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ስለዚህ ግማሹን ብቻ ይነግረናል።

ሙቀት የሚችል ፕሮቲን ለጥንካሬው ልዩ ንጥረ ነገር የለውም፤ የተሠራው እኛም ካሉን 20 አሚኖ አሲዶች ነው። ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው። በላዩ ላይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዳንዴም ሦስት አራት ሆነው ይያያዛሉ። ሙቀት ሲጨምር ውሃ እነዚህን ቻርጆች ከብቦ የመለያየት አቅሙ ስለሚቀንስ ትስስሩ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይበልጥ ይጠቅማል። ውስጡ ውሃ በሚሸሹ ክፍሎች ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላል፣ ከፕሮቲኑ ሰንሰለት ላልተው የሚንጠለጠሉ ክፍሎች (ቀለበቶች) ያጥራሉ። በሙቀት ቶሎ የሚበላሹት አስፓራጂንና ግሉታሚንም ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው ያንሳል። ሁሉም ፕሮቲን እነዚህን ሁሉ አይጠቀምም። ደግሞም የታጠፈው ቅርጽ ከተፈታው የሚበልጥበት ኃይል በእነዚህም ፕሮቲኖች ቢሆን ከጥቂት ደካማ ትስስሮች ኃይል ብዙም አይርቅም። ትንሿ ትርፍ ትበቃቸዋለች።

ኪዋይን ቀረብ ብለን እንየው። መሃሉ ላይ አምስት ጎን ለጎን የተሰደሩ ሰንሰለቶች አሉ፤ ዙሪያቸውን አምስት ጥምዝምዞች ከበዋቸዋል። ይህ አካሉ ነው፤ ጽኑ ነው። ፎስፌቱን የሚይዘው አስፓርቴት ግን ያለው በአንደኛው ጫፍ፣ ቀለበቶቹ በሚገናኙበት ኪስ ውስጥ ነው፤ አጠገቡም የማግኒዥየም አቶም ይቀመጣል። ፕሮቲኑ እንዲንቀሳቀስ የተተወለት ቦታ በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

ሌላው ጣጣ ጊዜ ነው። በአስፓርቴት ላይ ያለ ፎስፌት በባሕርይው ቶሎ ይወርዳል፤ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። መልእክቱ ሳይደርስ እንዳይጠፋ፣ ደርሶም እንዳይዘገይ የሚወስነው በአመዛኙ የኪሱ አሠራር ነው። በዚህ ዓይነት ፕሮቲኖች ውስጥ በፎስፌቱ ዙሪያ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ ተለያይተው ዕድሜው ከሰከንዶች እስከ ሰዓታት ይለያያል። ቴርሞቶጋ በዚህ ላይ ፎስፌቱን የሚያወርዱ ኪሲ እና ኪኤክስ የሚባሉ ፕሮቲኖችም አሏት።

ተመራማሪዎች ይህችን ባክቴሪያ የሚወዱበት ምክንያት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምቾትም ነው። ጂኗን ኢ. ኮላይ በምትባለው የተለመደች የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ውስጥ ያስገባሉ፣ ሴሎቹን ሰብረው ጭማቂውን ያሞቁታል። የኢ. ኮላይ ፕሮቲኖች እንደ እንቁላሉ ይረጋሉ፤ የቴርሞቶጋው ፕሮቲን ግን ከላይ ባለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። የኪኤ ዋና አካል ቅርጽ በ1999፣ የምልክት ሰጪና ተቀባይ ፕሮቲኖች ተጣምረው የታዩበት ቅርጽ ደግሞ በ2009 የታወቁት ከዚችው ባክቴሪያ ነው።

ቅርጻቸው የሚነበብባቸው የፕሮቲን ክሪስታሎች ግን በኤክስሬይ የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 170 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዘው ነው። ብዙ ሙቀት ወዳድ ኢንዛይሞች በክፍል ሙቀት እንኳ ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ በ80 ዲግሪ እንዴት እንደሚወዛወዝ ለማወቅ ከክሪስታሉ ሥዕል ሌላ፣ በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ የሚደረግ ልኬት ያስፈልጋል።