«ስኬጁልድ» የተባለ የድንጋይ መስቀል ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝ አገር፣ ዳርትሙር በሚባለው ደጋማ ምድር፣ በየመንገዱ ዳር የድንጋይ መስቀሎች ቆመዋል። በመካከለኛው ዘመን ጭጋግ ሲወርድ መንገደኛውን ይመሩ ነበር። የሲዋርድ መስቀል ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1240 በተጻፈ የድንበር ሰነድ ላይ ተጠቅሷል።

ብዙዎቹ «ስኬጁልድ ሞኑመንት» ይባላሉ። ቃሉ ያሳስታል። እኛ ስኬጁል ስንል የጊዜ ሰሌዳ ማለታችን ነው። እዚህ ግን በ1882 ከወጣው የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ ጋር የተያያዘው ዝርዝር ነው። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። «በመዝገብ የሰፈረ ሐውልት» ብንለው ይሻላል።

መመዝገብ መወረስ አይደለም። መስቀሉ የገበሬው መሬት ላይ ከቆመ፣ ያው የገበሬው ነው። ግን ማንሳትም ሆነ ማዛወር፣ መጠገን እንኳ ሳይቀር፣ በ1979 በወጣው የሐውልቶች ሕግ መሠረት አስቀድሞ የሚኒስትር ፈቃድ ይፈልጋል። የተሰበረውን ክንድ ያለ ፈቃድ በሲሚንቶ መለጠፍ ወንጀል ነው። ለበጎ ነው ያደረግኩት ማለት አያዋጣም። ጥብቅነቱ አይገርምም፤ ድሮ መስቀሎቹን ነቅሎ የበር ምሰሶ ያደረጋቸው ብዙ ነው!

ሌላም መዝገብ አለ፤ የታሪካዊ ሕንፃዎች። የዚያን ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው የፕላን ባለሥልጣን ነው። አንዳንድ መስቀል ሁለቱም ላይ ይገኛል። ያኔ የሚሠራው የሐውልቱ ሕግ ነው።