የአንጀትና የአንጎል ግንኙነት ምንድን ነው? ስለ ሴሮቶኒን የሚወራውስ?

«90 ከመቶው ሴሮቶኒን የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፤ እንግዲህ ድባቴ የአንጀት በሽታ ነው።» ሰሞኑን በየቪዲዮው የምሰማው ይሄንን ነው። ሴሮቶኒን በሴሎች መሀል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ነው፤ ስሙ ከስሜት ጋር ተያይዞ ይነሳል። ቁጥሩ ልክ ነው። ድምዳሜው ግን አይከተልም።

ሴሮቶኒኑን በብዛት የሚሠሩት አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ የአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ የራሳችን ሴሎች ናቸው። ባክቴሪያዎቹ ይቀሰቅሷቸዋል። የተመረተውም እዚያው አንጀቱን ያንቀሳቅሳል እንጂ ወደ አንጎል አይገባም፤ በደምና በአንጎል መሀል ያለው አጥር አያሳልፈውም። ጎረቤቴ አምስት ጋን ጠላ ቢጠምቅ የእኔ ድግስ ጠላ አገኘ ማለት አይደለም። አንጎል የራሱን ይጠምቃል። በአጥሩ በር የሚገባለት ብቅሉ ነው፣ ማለትም ሴሮቶኒን የሚሠራበት፣ ከምግብ የምናገኘው ትሪፕቶፋን፤ ከዚህ ብቅል ላይ ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ይሻማሉ። ጎረቤት በአጥር ላይ መጣራትም ይችላል። ቬገስ የሚባለው ነርቭ አብዛኛው ክሩ መልእክት የሚያደርሰው ከሆድ ወደ አንጎል ነው።

እውነተኛው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ላክቶባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ አንድ ዝርያ የተሰጣቸው አይጦች ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ የቬገስ ነርቩ ሲቆረጥ ለውጡ ጠፋ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ያው ዝርያ ለጤነኛ ወንዶች ተሰጥቶ ውጤቱ በ2017 ሲታተም ግን ከማስመሰያው (ምንም ባክቴሪያ ከሌለበት የማነጻጸሪያ እንክብል) የተለየ ነገር አልተገኘም። አይጥ ላይ የሠራ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል፦ አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ይበላሉ፣ ባክቴሪያቸውም ይቀላቀላል፣ ስለዚህ በአንድ ጎጆ ያሉትን እያንዳንዳቸውን ራሱን የቻለ ናሙና አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው።

«ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ባክቴሪያቸው የተለየ ነው እኮ» ብሎ የተከራከረኝ ነበር። አዎ፣ በብዙ ጥናት ልዩነት ታይቷል። ግን የተደበረ ሰው አመጋገቡ ይለወጣል፣ እንቅልፉ ይዛባል፣ መድኃኒት ይወስዳል፤ እነዚህም ባክቴሪያውን ይለውጣሉ። የቱ ቀደመ? ይሄ ሳይለይ «መድኃኒትህን ተውና እርጎ ጠጣ» ብሎ መምከር በሰው ሕይወት መጫወት ነው። የድባቴ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፣ ማቆምም መቀነስም ከሐኪም ጋር ነው።

እርጎው ምግብ ነው፣ ይጠጣ። እንጀራን «ፕሮባዮቲክ»፣ ማለትም ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ምግብ፣ የሚሉትም አሉ፤ ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። ለአንጀት ባክቴሪያዎቻችን የሚደርሳቸው የጤፉ ፋይበር ነው፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።