የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ምንድን ነው? ለምንስ ቢላን አይመለከትም?

«ሽጉጥ ደብቄ እንድይዝ የፈቀደልኝ መንግሥት በሰንጢ አይከሰኝም።» ይህን አባባል ከሲያትል ወገኖቻችን ስሰማ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው የራሱን ቢላዎች ይዞ ሥራ ስለሚሄድ ወጣት ምግብ አብሳይ ተጠየቀ። «የሽጉጥ ፈቃድ ካለው ምን ችግር አለው?» ብሎ በልበ ሙሉነት መለሰ። የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ነኝና ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፍርድ ቤት የሚቆመው መካሪው ሳይሆን ልጁ ነው።

ፈቃዱ የጨዋነት ምስክር ወረቀት አይደለም። ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ሽጉጥ ደብቆ መያዝን ይከለክላል። 21 ዓመት የሞላውና ማጣሪያውን ያለፈ ሰው ከዚያ ክልከላ ለ5 ዓመት ነፃ የሚያደርገው ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚያ ክልከላ ብቻ። ስለ ጩቤና ስለ ሰንጢ የሚናገሩት አንቀጾች ሌላ ናቸው፤ ፈቃዱ አይነካቸውም።

ከመካከላችን የትራክ ሹፌር ብዙ ስለሆነ በመንጃ ፈቃድ ላስረዳ። ባለ 18 ጎማ የሚነዳ ሰው በዚያው ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳት አይችልም። «36 ቶን የማንቀሳቅስ ሰውዬ ለዚህች ሞተር ፈቃድ ልጠየቅ?» ብሎ ፖሊስ ቢሞግት አያዋጣውም። ሕጉ የቱ ይከብዳል ብሎ አይመዝንም፤ የሚጠይቀው ለየትኛው ፈቃድ አለህ ብሎ ነው። ሰንጢም እንደዚያች ሞተር ናት። ልዩነቱ፣ ለሞተር ተፈትነህ ፈቃድ ታገኛለህ፤ ለቢላ ግን ማመልከቻ የሚቀበል መስኮት የለም። ሌላም ልዩነት አለ። መንጃ ፈቃድህ ጎረቤት ስቴት ኦሪገን ስትገባም ይሠራል። የሽጉጥ ፈቃድህን ግን ኦሪገን አትቀበለውም። ለሠርግ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ የምትመላለሱ ይህን አስቡበት።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። በዋሽንግተን የሽጉጥ ሕግ በመሠረቱ የስቴቱ ጉዳይ ነው፤ ከተሞች እንደፈለጉ የራሳቸውን ማውጣት አይችሉም። ቢላ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ የለባቸውም። ስለዚህ ሲያትል የራሷ ደንብ አላት። ስለቱ ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም ከ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጥ ቢላ «አደገኛ ቢላ» ይባላል። የማይታጠፍ ከሆነ ደግሞ ርዝመቱ ምንም ያህል ቢሆን «አደገኛ» ነው። ደብቀህ ያዝከው በግልጽ ያዝከው፣ ሁለቱም ክልክል ነው።

«ለወጥ ቤት ቢላ ማን ይከሰኛል?» ለሚለው ደግሞ መልስ የሚሆን ፍርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው የሲያትል ሰፈር ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ የተያዘ አሽከርካሪ መሣሪያ ይዞ እንደሆነ ተጠየቀ። ኪሱ ውስጥ ቢላ እንዳለ ተናገረ። ትንሽ የልጣጭ ቢላ ነበረች። ተፈረደበት። መሣሪያ የመያዝ መብቴ ነው ብሎ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። በ2015 መጨረሻ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ተረታ። ምክንያቱን ልብ በሉ። የልጣጭ ቢላ የወጥ ቤት ዕቃ እንጂ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው መሣሪያ አይደለም ተባለ። ሽጉጥ መሣሪያ በመሆኑ ጥበቃ አለው፤ ቢላዋ የጓዳ ዕቃ በመሆኗ አጣችው። «ትልቁን ከፈቀዱ ትንሹን አይከለክሉም» የሚለው ክርክር እዚህ ጋ ይገለበጣል።

ለምግብ አብሳዩ ግን ደንቡ መውጫ ትቶለታል። ቢላዎቹን በደንብ ጠቅልሎ ወይም የዕቃ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ቢመላለስ ይፈቀዳል። መሀል ላይ መሸታ ቤት ጎራ ካለ ግን ለዐቃቤ ሕግ ክርክር ይከፍታል። እኔ ብሆን አላደርገውም።

ወላጆችም ስሙኝ። ልጅን ትምህርት ቤት ለማድረስና ለመውሰድ ሲገባ፣ ፈቃድ ላለው ሰው የስቴቱ ሕግ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። የተጠቀሰው ሽጉጥ ብቻ ነው። ቁልፍ ሲጫኑት ስለቱ የሚፈናጠር ሰንጢ እዚያ ቀርቶ ቤት ማስቀመጥም በስቴቱ ሕግ ያስከስሳል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ከኢንተርኔት የሚያዝዙት አሉ፤ ተዉት።

የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከገባችሁ ደግሞ የስቴቱ ፈቃድ ለሽጉጡም አያገለግልም። ቱክዊላ ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ከእነዚህ አንዱ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከአደገኛ መሣሪያ የማይቆጥረው ስለቱ ከ2.5 ኢንች ያነሰ የኪስ ቢላን ነው። ፍተሻ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ግን እሱንም ሊያስመልሷችሁ ይችላሉ። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ኪሳችሁን ቤት ፈትሹ።

ዜግነት ካነሳሁ አይቀር፣ ማመልከቻው ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የቢላ ክስ ቢሰረዝም ይጻፋል። ስለዚህ ፋይሉ እንዴት እንደተዘጋ የሚያሳየውን ማኅተም ያለበት የፍርድ ቤት ወረቀት አስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ የኢሚግሬሽን መኮንኑ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።