የጎቲክ ካቴድራል የውጭ ቅስቶች ምን ይሠራሉ?

ጎቲክ በሚባለው የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የሕንፃ ስልት በተሠራው በፈረንሳይ ሻርትር ካቴድራል ግድግዳ ውጭ የተዘረጉት የድንጋይ ቅስቶች ለጌጥ የተጨመሩ አይደሉም፤ ግድግዳው ሲያዘም በኋላ የመጡ ድጋፎችም አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1194ቱ ቃጠሎ በኋላ ሕንፃው እንደገና ሲሠራ አብረው የተሠሩ ናቸው።

37 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የድንጋይ ጣሪያ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ግድግዳውንም ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለት የመጫወቻ ካርታ አደጋግፋችሁ ብታቆሙ እግራቸው እንደሚንሸራተተው ማለት ነው። የውጭው ቅስት ይህን ግፊት ተቀብሎ ራቅ ብሎ ወደቆመው ወፍራም ምሰሶ፣ ከዚያም ወደ መሬት ያወርደዋል። ግድግዳው በሰፊው ተከፍቶ ባለቀለም መስታወት ሊገባበት የቻለው በዚህ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ክብደት ግን በአብዛኛው የሚሸከሙት የውስጥ ምሰሶዎቹ ናቸው፤ ብዙዎች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው።

የቅስቶቹ ቁጥርና ቅርጽ ከቦታ ቦታ ይለያያል። መኖራቸው ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ 48 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው በፈረንሳይ የቦቬ ካቴድራል ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1284 በከፊል ተደርምሷል። ምክንያቱ ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራል፤ ሲጠገን ግን በነባሮቹ ምሰሶዎች መካከል ተጨማሪ ምሰሶዎች ገብተዋል።